የመግቢያ ኮድ መምጣቱ ለምን በቂ ጥበቃ አይሆንም?

«የቴሌግራም አካውንቴ ተጠልፏል። ገንዘብ ላኩልኝ የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ የላክሁት እኔ አይደለሁም።» ይህን የመሰለ ማሳሰቢያ በፌስቡክ ላይ ማንበብ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ማሳሰቢያው በሚወጣበት ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል። የባለቤቱ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና የዕቁብ አባላት «ቸግሮኝ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት በሚያውቁት ስምና ፎቶግራፍ ደርሷቸዋል፤ ከመካከላቸውም ደውለው ሳያጣሩ የላኩ አሉ።

ከእንዲህ ዓይነቱ ማሳሰቢያ ሥር የሚካሄደው ውይይት ተመሳሳይ መልክ አለው። አንዱ «የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብታበራ ኖሮ ይህ አይደርስብህም ነበር» ይላል። ተጎጂው «አብርቼዋለሁ፤ ስገባ ሁልጊዜ ኮድ ይመጣልኛል» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ኮድም ቢሆን አያስጥልም» ሲል ይደመድማል። ሦስቱም በቅንነት ይናገራሉ፤ የሚነጋገሩት ግን ስለተለያዩ ነገሮች ነው። ተጎጂው «ኮድ ይመጣልኛል» ያለው ነገርና መካሪው «አብራ» ያለው ነገር አንድ አይደሉም። ይህ ልዩነት እስካልጠራ ድረስ ምክሩም ሆነ ተስፋ መቁረጡ የትም አያደርስም።

ማረጋገጫው በምን ላይ ይቆማል?

የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዎች አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ሲል የሚያቀርባቸውን ማስረጃዎች በሦስት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የይለፍ ቃልና የሚስጥር ቁጥር እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው በእጁ ያለ ነገር ነው፤ ስልክ፣ ሲም ካርድ ወይም የባንክ ካርድ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከአካሉ የማይለይ ነገር ሲሆን የጣት አሻራንና የፊት ገጽታን ይጨምራል። ባለብዙ ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ከእነዚህ ዓይነቶች ቢያንስ ሁለቱን በአንድ ላይ የሚጠይቅ አሠራር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ሁለት ስለሆኑ በተለምዶ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሠንጋ ተራ ከባንክ ሕንፃዎች ሥር ተሰልፎ ከኤቲኤም ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህንኑ አሠራር ለዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል። ካርዱን ብቻ የሰረቀ ሌባ ቁጥሩን አያውቅም፤ ቁጥሩን ብቻ በትከሻ ላይ ያየ ሰው ካርዱ የለውም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተከተለው ኤምፔሳም መሠረታቸው ይኸው ጥምረት ነው፤ ሲም ካርዱ በእጅ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በአእምሮ።

ጥበቃው የሚገኘው ማስረጃዎቹ በዓይነት ሲለያዩ ነው። የይለፍ ቃልና «የመጀመሪያ ትምህርት ቤትህ ስም ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢጠየቁም ሁለቱም የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። አንድ የማታለያ ገጽ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊወስዳቸው ይችላል።

በቴሌግራም የሚመጣው ኮድ የመጀመሪያው ደረጃ ነው

ወደ ጂሜይል የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበራ ከዚያ በኋላ ኮድ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ኮዱ በእርግጥም ሁለተኛ ነው። ቴሌግራም ግን ሲፈጠር የይለፍ ቃል አልነበረውም። የሚጠይቀው የስልክ ቁጥርና ወደዚያ ስልክ የሚልከውን ኮድ ነው። የስልክ ቁጥር ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ በቢዝነስ ካርድ ላይ ይታተማል፣ በሱቅ በር ላይ ይጻፋል፣ በሰፈርና በወላጆች ቡድን ውስጥ ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ አካውንቱን የሚጠብቀው ብቸኛ ማስረጃ ያ ኮድ ነው። ዋትስአፕም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

እውነተኛው ሁለተኛ ደረጃ ተጠቃሚው ራሱ ገብቶ የሚያበራው ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ያስገባው የይለፍ ቃል፣ ዋትስአፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሁሉም ያደረሰው ባለ 6 አሃዝ የሚስጥር ቁጥር ይህንን ቦታ ይይዛሉ። ሁለቱም ሳይበሩ ነው የሚመጡት። በቴሌግራም ቅንብሮች ውስጥ ስለ ግላዊነትና ደህንነት በሚናገረው ክፍል ገብቶ የራሱን የይለፍ ቃል ያላስቀመጠ ሰው፣ በየቀኑ ኮድ ቢመጣለትም ያለው ጥበቃ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ከላይ ያየነው ተጎጂ «አብርቼዋለሁ» ያለው ይህንን ሳያውቅ ነው፤ መተግበሪያውም ልዩነቱን ጮክ ብሎ አይነግረውም።

ይህ ክፍት ቦታ የሚያስከትለው ሌላ ጣጣ አለ። ባለቤቱ ያላስቀመጠውን የይለፍ ቃል ሰርጎ የገባው ሰው ሊያስቀምጠው ይችላል። ያን ጊዜ መከላከያው ለሌባው ይሠራል። ባለቤቱ ከአካውንቱ ከወጣ በኋላ ኮዱ በስልኩ ቢመጣለት እንኳ የማያውቀውን የይለፍ ቃል ይጠየቃል። የቀረው አማራጭ አካውንቱን ሰርዞ እንደ አዲስ መጀመር ሲሆን፣ ለዚህም የአንድ ሳምንት መጠበቂያ አለ። የዓመታት መልእክቶቹ፣ የንግድ ደንበኞቹ ዝርዝርና ያስተዳድራቸው የነበሩ ቡድኖች አብረው ይሄዳሉ።

በተጎጂው በኩል የሚቆም አንድ ደንብ ግን አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው እዚህ ላይ ሊነገር ይገባል። በቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን መሣሪያዎች ማስወጣት አይችልም። ነባሩ ስልክ ግን አዲሱን ወዲያውኑ ማስወጣት ይችላል። ስለዚህ ያልታወቀ መሣሪያ መግባቱን የሚገልጽ ማሳወቂያ የደረሰው ሰው በድንጋጤ መተግበሪያውን ማጥፋት የለበትም። ማድረግ ያለበት በቅንብሮች ውስጥ መሣሪያዎች የሚለውን ከፍቶ ከያዘው ስልክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ ማስወጣት፣ ቀጥሎም የይለፍ ቃል ማስቀመጥ ነው። መተግበሪያውን ሰርዞ እንደገና መጫን ግን ባለቤቱን ራሱን አዲስ ገቢ ያደርገዋል፤ በእጁ የነበረውን ብልጫም ያሳጣዋል።

ኮዱን የሚያወጡት በንግግር ነው

«ሀከር» የሚለው ቃል በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የማይታወቅ ቋንቋ የሚጽፍ ሰውን ያስታውሰናል። በከተማችን አካውንቶች የሚጠለፉበት መንገድ በአብዛኛው ከዚህ የራቀ ነው። አንድ ሰው ይደውላል። ከቴሌኮም ድርጅት ወይም ከባንክ እንደሆነ በትሕትና ይናገራል፣ ስምን በአቶ ወይም በወይዘሮ ይጠራል፣ ሽልማት ወይም እድሳት ያበስራል፣ ከዚያም «አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። በሌላ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ቀድሞ ከተጠለፈ የጓደኛ አካውንት ነው፤ ለልጄ ውድድር ድምፅ ስጡልኝ፣ ወይም ነጻ ፕሪሚየም (የሚከፈልበት የቴሌግራም አገልግሎት) በስጦታ ተልኮላችኋል ይላል። አገናኙን የነካ ሰው የቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ይከፈትለታል፤ ቁጥሩንና ኮዱን እዚያ ይሞላል። ይህ የማታለያ ዘዴ ፊሺንግ ይባላል።

ቴሌግራም ለዚህ የሠራው መከላከያ አለው። የመግቢያ ኮድ በራሱ በቴሌግራም ወደ ሌላ ሰው ከተላከ ሥርዓቱ ይህን ለይቶ በዚያ ኮድ መግባትን ይከለክላል። መከላከያው ግን ኮዱ በሌላ መንገድ ሲወጣ አይሠራም፤ ስለዚህም በስልክ ንገረኝ፣ ፎቶ አንስተህ ላክ፣ በዚህ ገጽ ላይ ሙላ የሚሉ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ዓይን መታየት አለባቸው። ኮዱን ይዞ የሚመጣው መልእክት ራሱ «ለማንም አትስጡ» ይላል፤ ነገር ግን የሚለው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚነበበውም ሌላ ሰው በስልክ እያጣደፈ ሳለ ነው።

ከዚህ የሚለይ አንድ ዘዴ አለ፤ ኮዱን ጨርሶ አይጠይቅም። ደዋዩ በኮከብ ምልክት የሚጀምር ቁጥር እንድንደውል ያግባባናል፤ ለምሳሌ በ*21* ጀምሮ የእሱን ስልክ የሚያስከትል። ይህ ጥሪዎቻችንን ሁሉ ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ኮዱን በድምፅ ጥሪ እንዲነግረው መተግበሪያውን ያዝዘዋል፤ ጥሪው የሚደርሰው ለእሱ ነው። ጥሪ መዞር አለመዞሩን *#21# ደውሎ ማየት፣ የዞረውን ሁሉ ደግሞ በ##002# መሰረዝ ይቻላል።

የአጭር ጽሑፍ መልእክት ክርክር

በቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ ኮድ መጥፎ ስም አለው፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ኮዱ የሚከተለው ስልኩን ሳይሆን የስልክ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን በሌላ ሲም ላይ ማስወጣት የቻለ ሰው ኮዶቹንም ይወርሳል። ይህ የሲም ቅየራ ማጭበርበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በወቅቱ የትዊተር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጃክ ዶርሲ የገዛ አካውንታቸው የተወሰደው በዚህ መንገድ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህን ዓይነቱን ኮድ በገደብ ብቻ ከሚፈቀዱት መድቦታል።

በሌላ በኩል ጉግል ከሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ጥናት አለ። ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚደረጉ የጅምላ ሙከራዎችን 100 በመቶ፣ የጅምላ ፊሺንግን 96 በመቶ፣ አንድን ሰው ለይተው ከሚያነጣጥሩ ጥቃቶች ደግሞ 76 በመቶውን አግዷል። በስልኩ ላይ «እርስዎ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቀው ማሳወቂያ በሦስቱም ረድፍ የተሻለ ወይም እኩል ሲሆን፣ በመጨረሻው 90 በመቶ ደርሷል። ሙሉ በሙሉ የተከላከለው የደህንነት ቁልፍ የሚባለው፣ ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ንባብ ማውጣት ይቻላል። ከአራት ያነጣጠሩ ጥቃቶች አንዱ የሚያልፍበት መከላከያ ለጋዜጠኛ፣ ለታዋቂ ሰው ወይም ብዙ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ነጋዴ አይበቃም የሚሉት ትክክል ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚጠቃው ተመርጦ አይደለም፤ ከሌላ ድረ ገጽ የወጣ የይለፍ ቃሉ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ጋር በጅምላ ስለሚሞከር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የጽሑፍ ኮድ ከምንም በእጅጉ ይሻላል። «አይረባም» የሚለው ፍርድ፣ የተሻለ አማራጭ ማብራት ለማይችል ሰው ሲነገር፣ ያለውንም እንዲተው ያደርገዋል። ይህ ጸሐፊ በዚህ ክርክር ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው፤ የተሻለ ነገር በተገኘበት ቦታ ሁሉ ግን ኮዱን ከሲም ማላቀቅ ያስፈልጋል።

የአገራችን ሁኔታ ለክርክሩ የራሱን ነገር ይጨምርበታል። ከውጭ ኩባንያዎች የሚላኩ ኮዶች አንዳንዴ ዘግይተው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይደርሱ ይቀራሉ። በዘመድ ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም በወጣ ሲም የሚጠቀም ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሲሙ ሲጠፋ ቁጥሩን መልሶ ማውጣት የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ የሄደ ሰውም በአዲስ አበባ ቁጥሩ የከፈታቸውን አካውንቶች ይዞ ይሄዳል፤ ሲሙ ግን ሳይሞላ ይቆያል። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ያልሰጠ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። አዲሱ ባለ ቁጥር ምንም ክፋት ሳያስብ ቴሌግራም ለመክፈት ሲሞክር የቀድሞውን ሰው መልእክቶች ፊቱ ያገኛቸዋል፤ የይለፍ ቃል ከሌለ።

ስልኩ ሲነጠቅ

በሜክሲኮ አደባባይ በታክሲ ሰልፍ ወይም በስታዲየም ዙሪያ ስልክ የተነጠቀ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የስልኩን ዋጋ ነው። ነጣቂው ግን ሌላ ነገር ሊያስብ ይችላል። ስልኩ በጣት አሻራ ቢቆለፍ እንኳ ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ውስጥ ማስገባት የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ የቴሌግራም ኮድ፣ የኢሜይል የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኮድ፣ የባንክ መልእክት ሁሉ የሚደርሰው ለእሱ ነው። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ተጭኖ ኢሜይሉን ከያዘ፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱ ሌሎች አካውንቶችም ይከተላሉ።

ለዚህ የቆየና የተረሳ መከላከያ አለ፤ የሲም የሚስጥር ቁጥር። ሲበራ ሲሙ ወደ ሌላ ስልክ በገባ ወይም ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ይጠየቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይቆለፋል፤ የሚከፈተውም ፑክ በሚባለው ረዘም ያለ ቁጥር ነው። ከማብራት በፊት ፑኩ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሲሙ ተያይዞበት በመጣው ካርድ ላይ ታትሞ ይገኛል። ሌላው መልእክቶች በተቆለፈ ስክሪን ላይ ይዘታቸው እንዳይታይ ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ ሌባው ሲሙን ለማውጣት እንኳ አይቸገርም። ስልክ ከተነጠቀ በኋላ ወደ ፖሊስ ከመሄድም ቀድሞ ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ ደውሎ ቁጥሩን ማዘጋት፣ በኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994፣ ብዙ ነገር ያድናል።

ጣት አሻራን በተመለከተ በሕዝብ ወሬ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። ስልክ የሚከፍተው አሻራ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ከስልኩ አይወጣም፤ ባንኩም ሆነ ጉግል አሻራውን አያገኙትም፣ የሚደርሳቸው «ስልኩ ባለቤቱን አውቆታል» የሚል ማረጋገጫ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ግን አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን በብሔራዊ ቋት ይመዘግባል። የአንዱን ጥቅምና ስጋት ለሌላው መስጠት ስህተት ነው። በስልኩ በኩል ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ቀለል ያለ ነው፤ በስልኩ ላይ የተመዘገበ አሻራ ሁሉ፣ የልጅም የጓደኛም ቢሆን፣ የባንክ መተግበሪያውን ሊከፍት ይችላል።

ኔትወርክ የማይፈልገው ኮድ

ጉግል ኦተንቲኬተርን የመሰሉ መተግበሪያዎች በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ያወጣሉ። አሠራራቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ፣ ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ቴክኒካዊ መስፈርት ላይ የተመሠረተ ነው። አካውንቱ ሲያያዝ በካሜራ የምናነበው የኪውአር ምስል አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ይዟል። ከዚያ በኋላ ስልኩና አገልግሎት ሰጪው ያንን ቁልፍ ከሰዓቱ ጋር አዋህደው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያሰላሉ፤ ውጤቱ አንድ ይሆናል። በመካከላቸው የሚላክ ነገር የለም። ስለዚህ ሲም ባይኖርም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ ባለቤቱ አገር ቢለቅም ኮዱ ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሲም ቅየራ ማጭበርበርም አይነካውም።

ስሌቱ በሰዓት ላይ ስለሚቆም በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም እንቅፋት አለበት። ስልካቸው በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር እንዲያሳይ ሲሉ ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ስልክ የሚያሰላው ኮድ የሌላ ሰዓት ኮድ ስለሆነ «ስህተት ነው» የሚል መልስ ያመጣል፤ ሰውየውም መተግበሪያው አይሠራም ብሎ ይተወዋል። ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል መተው ችግሩን ይፈታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማየት የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ሳይነካ የሰዓት ክልሉን ብቻ መቀየር ይችላል፤ ለምሳሌ የአርጀንቲናዋን ከተማ ቦነስ አይረስን ቢመርጥ ስልኩ የኢትዮጵያን ሰዓት ያሳየዋል፣ ኮዱም ትክክል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ግን ቀኑ በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በጠዋቱ 12 ሰዓት እንደሚቀየር ልብ ይሏል።

የዚህ መተግበሪያ እውነተኛ አደጋ ባለቤቱ ራሱ ውጭ መቅረቱ ነው። መተግበሪያው ቁልፉን በሌላ ቦታም እንዲያስቀምጥ ካልተደረገ፣ ስልኩ ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ጉግል፣ ፌስቡክና ሌሎችም ማረጋገጫው ሲበራ የመጠባበቂያ ኮዶች የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። በስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ጥቅም የለውም፣ ከስልኩ ጋር ይሄዳልና። በወረቀት ጽፎ የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት በሚቀመጥበት ቦታ ማኖር ይሻላል።

መተግበሪያውም ቢሆን ከፊሺንግ ሙሉ በሙሉ አያድንም። የማታለያው ገጽ ኮዱን ተቀብሎ በ30 ሰከንዱ ውስጥ ወደ እውነተኛው ገጽ ሊያስተላልፈው ይችላል። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ፓስኪ የሚባለው፣ በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያገለግል የመግቢያ ቁልፍ ነው፤ አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 በጋራ እንደሚደግፉት አስታውቀዋል። ቁልፉ ከድረ ገጹ አድራሻ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ገጹ የቱንም ያህል ቢመሳሰል አድራሻው ካልገጠመ ስልኩ መልስ አይሰጥም። ተጠቃሚው የሚያነበውና ለሌላ ሰው የሚነግረው ቁጥር ጨርሶ የለም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ገንዘብ ሲጠፋ ከአገልግሎት ሰጪዎች የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፤ ደንበኛው ኮዱን በፈቃዱ ሰጥቷል። በሕግ ዓይን ይህ ክርክር ክብደት ሊኖረው ይችላል፤ ባንክም ለእያንዳንዱ ጥንቃቄ ጉድለት ካሳ ይክፈል ቢባል ወጪው ተመልሶ በደንበኞች ሁሉ ላይ ይወድቃል። ሆኖም አንዲት የሰባ ዓመት እናት በትሕትና ለጠየቃቸው ሰው ቁጥር አንብበው መንገራቸውን ብቻ ነጥሎ ማየት ፍትሐዊ አይመስልም። የደረሳቸው መልእክት በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ፣ ኮዱም ለምን እንደሆነ ካልተናገረ፣ ስህተቱን ያመቻቸው ንድፉ ነው።

የሚሠራ ምሳሌ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ደንብ የኢንተርኔት ክፍያ ማረጋገጫ ከገንዘቡ መጠንና ከተቀባዩ ጋር እንዲተሳሰር ያስገድዳል። ኮዱ ለዚያ ክፍያ ብቻ ያገለግላል፤ ከፋዩም ስንት ብር ለማን እንደሚያጸድቅ ይታየዋል። «ይህ ቁጥር ሃያ ሺህ ብር ለእገሌ ለመላክ ነው» የሚል መልእክት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ቢደርስ፣ ሽልማት አለዎት የሚለው ደዋይ ሥራው ይከብደዋል። በሞዛምቢክ ደግሞ ባንኮች የአንድ ቁጥር ሲም በቅርቡ መቀየሩን ከቴሌኮም ኩባንያዎች የሚያጣሩበት ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ተቀይሮ ከሆነ ዝውውሩ ለጊዜው ይታገዳል። ሁለቱም ከደንበኛው ተጨማሪ እውቀት አይጠይቁም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትንና በኮምፒውተር ማጭበርበርን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ዳታ የሚይዙ ተቋማት የጥበቃ እርምጃ እንዲወስዱ ግዴታ ይጥላል። የጎደለው በአዋጁና በመልእክቱ ጽሑፍ መካከል ያለው ዝርዝር ሥራ ነው።

ኃላፊነት ሳይታሰብ የሚተላለፍበት ሌላ ቦታ የስልክ ሱቅ ነው። በመርካቶም ሆነ በመገናኛ ስልክ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ «ኢሜይልም ክፈትልኝ» ይላል። ሻጩ ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉን ይመርጥለታል፤ አንዳንዴም የይለፍ ቃሉ ሲረሳ አካውንቱን ለማስመለሻ የሚሆነውን ቁጥር የራሱን ያስገባል። ገዢው አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይል ስም እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ይጠቀምበታል። ሻጩ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዚያ ስልክ ፎቶግራፎች፣ ስልክ ቁጥሮችና ማስመለሻ መንገዶች በሙሉ በሌላ ሰው እጅ ናቸው። እንዲህ የተከፈተ አካውንት ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከማብራት በፊት የማስመለሻ ቁጥሩና ኢሜይሉ የማን እንደሆኑ ማየት ይቀድማል።

መሥሪያ ቤቶችና ትንንሽ ድርጅቶች

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር በተባለው የአሜሪካ የጤና ክፍያ ድርጅት ላይ የደረሰው ጥቃት የአገሪቱን ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች ክፍያ ለሳምንታት አውኳል። የእናት ኩባንያው ኃላፊ ለምክር ቤት እንደገለጹት፣ አጥቂዎቹ የገቡት ባለብዙ ደረጃ ማረጋገጫ ባልነበረው አንድ የርቀት መግቢያ በኩል ነበር። ድርጅቱ ማረጋገጫውን በሌሎች ቦታዎች ይጠቀም ነበር፤ አንዱን በር አልፎታል።

በፒያሳና በቦሌ ያሉ ልብስ ሰፊዎች፣ ካፌዎችና አስጎብኚ ድርጅቶች የሚያጋጥማቸው ችግር መጠኑ ቢያንስም ዓይነቱ ይመሳሰላል። የድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል በአንድ አካውንት ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉን አራት ሠራተኞች ያውቁታል። ማረጋገጫ ቢበራ ኮዱ የሚመጣው በአንዱ ስልክ ስለሆነ ለሥራ አይመችም ተብሎ ይጠፋል። መፍትሔው ግን በሁለቱም አገልግሎቶች ውስጥ አለ። ገጹንም ሆነ ቻናሉን በርካታ አስተዳዳሪዎች በየራሳቸው አካውንት እንዲገቡበት ማድረግ ይቻላል፤ እያንዳንዱም በራሱ ስልክ የራሱን ሁለተኛ ደረጃ ያበራል። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የእሱ የአስተዳዳሪነት መብት ብቻ ይሰረዛል፤ የሌሎቹ ኮድም ሆነ የይለፍ ቃል መቀየር አያስፈልገውም። የቻናሉ ባለቤትነት ግን በድርጅቱ ባለቤት አካውንት ላይ መሆን አለበት፤ ቻናሉን በከፈተው ሠራተኛ ስም ከቆየ፣ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይጠበቅበታል።